ከመጨረሻው ልጅ ኋላ

አያቴ ሹም አቦ ሰፈር ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የስፖርት መምህር ነበሩ። ልጆቹን ሲያስሮጡ እሳቸው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ይሮጣሉ። የመጨረሻው ልጅ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

«አባባ፣ መቅደሙን እንደሆነ አልቀድም፤ ጥላው ሥር ልቀመጥ» እላቸዋለሁ።

«ጉማሬ እንኳ ከጣና ሲወጣ ይሮጣል፤ አንተ ምን ሆንህ? ስፖርት ቀዳሚ ለመምረጥ አይደለም፤ ማንም ልጅ ቁጭ ብሎ እንዳይቀር ነው። በል፣ ከኋላህ አለሁ!»

ትንፋሻቸውን እየሰማሁ እጨርሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሸኛቸው፣ አስከሬናቸውን የተሸከሙት የድሮ ተማሪዎቻቸው ፈጠኑ። እኔ እንደ ልማዴ ኋላ ቀረሁ። ትንፋሻቸውን የምሰማ መስሎኝ ዞር አልሁ፤ ማንም የለም። መንገዱ ዳር ቁጭ ማለት አማረኝ። ግን የዚያን ዕለት እሳቸው ከፊት ነበሩና ሮጥሁ።