የጀልባዋ እትዬ መርዶ

ልጄ ማንጋ የምትለውን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ስልኳን ልነጥቃት ስል ነው። ፈተና ደርሷል፤ እሷ ግን አልጋ ላይ ተጋድማ ብቻዋን ትስቃለች። ነጥቄ ሳየው ሥዕል ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ዓይናቸው ሲኒ የሚያህል ልጆች፣ በየአፋቸው አጠገብ በዐረብኛ የተጻፈ ንግግር። «የጃፓን ታሪክ ነው እማዬ፤ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ይወጣል፣ እንደኛ ያሉ ልጆች ወደ ዐረብኛ ይመልሱታል» አለችኝ። እኔ ዐረብኛ ለገበያና ሐፍላ ለሚሉት ሚኒባስ የሚበቃኝን ያህል እናገራለሁ እንጂ አላነብም። ሥዕሉን ብቻ ልከተል ብዬ እንደ አማርኛ መጽሐፍ ከግራ ጀመርኩ። የሞተው ተነሣ፣ የተደበደበው ቁስሉ ድኖ ከደብዳቢው ጋር እየተሳሳቀ ምሳ በላ። «ይሄስ የተባረከ አገር ነው!» ስል ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ለካ ከቀኝ ነው የሚነበበው።

እንዲህ ሆኜ ነው የገባሁበት። ካርቱም ውስጥ ዐማራት ሰፈር አንድ ቤተሰብ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አበስላለሁ። ዓርብ ግን ዕረፍቴ ስለሆነ ዴም በሚባለው ሰፈር ቤቴ ነኝ። ሱዳናዊው ባሌ ከመስጊድ ሲመለስ የሚሠራበትን ሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ግቢ አስገብቶ ጥቂት ያሸልባል። ያን ጊዜ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ የሳምንቱን ምዕራፍ ታነብልኛለች። ታነብልኛለች ስል ዐረብኛውን በዓይኗ እያየች በአማርኛ ትነግረኛለች ማለቴ ነው። አማርኛዋ ደግሞ እዚሁ ካርቱም የበቀለ አማርኛ ነው፤ ቃል ሲጠፋት «ያዕኒ፣ ያዕኒ» ትልና እጇን ታወናጭፋለች፤ የቀረውን እኔ እሞላለሁ።

ታሪኩ ከካርታ ላይ የጠፋች ከተማ ፍለጋ ስለሚንከራተቱ ሦስት ልጆች ነው። ጭራቅ አለ፣ ሰይፍ አለ፣ የሚናገር ፍየልም አለ። እኔን የገዛችኝ ግን አንዲት አሮጊት ናት። ወደ ላይ በሚፈስ ወንዝ ላይ ጀልባ ትቀዝፋለች፤ ሰው ስታሻግር የምትቀበለው ሕልም ነው። የተሻገረ ሰው የዚያን ሌሊት ሕልሙን ለእሷ ይሰጣል፣ እሷ ታይለታለች። ክፉ ሕልም የሚያባንነውን ሰው አውቃ ሁለት ጊዜ ታመላልሰዋለች። አፏ ግን አይጣል ነው። ጀግና ነኝ እያለ ደረቱን የሚነፋውን ልጅ «መጀመሪያ ንፍጥህን ጥረግ» አለችው። በዚያው ወደድኳት፤ የእኔም እናት ምርቃቷ ከስድብ ነበር የሚጀምረው። የልጄ ጓደኞች ሐቦባ ይሏታል፤ ሱዳኖች አያታቸውን እንዲያ ነው የሚጠሩት። እኔ እትዬ አልኳት።

ከዓመታት በፊት የእናቴ ሞት ከጎንደር ሲነገረኝ እኔ ዐማራት ቆሜ ልብስ እተኩስ ነበር። ወንድሜ ደወለና «እማዬ አርፋለች፣ ትናንት ቀበርናት» አለኝ፤ መስመሩ ተቋረጠ። በእኛ አገር ሞት እንዲህ አይነገርም። ወር ይደበቅ፣ ሁለት ወር ይደበቅ፣ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞሽ ነው። ወንድሜን አልፈርድበትም፤ እሱም ልቡ ተሰብሮ ነበር። እኔ ግን የያዝኩትን ቀሚስ ተኩሼ ጨረስኩ፣ ማታ እንግዳ ስለነበረ ራት ሠራሁ፣ በሐፍላ ቤቴ ገባሁ። ለቅሶ ሳልቀመጥ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ውስጤን ይበላኛል፦ በዚህ ከተማ ነገ ሌላ ሞት ቢመጣ እንደ ወጉ የሚያረዳኝ ማነው? ባሌ ደግ ሰው ነው፤ የእሱ ወግ ግን ሌላ ነው። ልጄ ደግሞ ጎንደርን የምታውቀው በፎቶ ነው። የቀረኝ ያው አንድ ወንድሜ ነው፤ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

አሁን የምነግራችሁን የሰማሁት በኋላ ነው። ያ ምዕራፍ የወጣ ዕለት ልጄና ጓደኞቿ ከግቢያችን ማዶ ባለችው የስልክ መጠገኛ ሱቅ ተሰብስበው ነበር። የሱዳን ጦርነት ገና አልመጣም፤ ትልቁ ችግራችን መብራትና ኔት ነበር። መብራት ስለሌለ ባትሪ የተረፈው አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጥመው አንዱ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። በምዕራፉ ጭራቁ ልጆቹን ያሳድዳል። እትዬ ልጆቹን ዳር ታወርድና ዕድሜዋን ሙሉ የሰበሰበችውን ክፉ ሕልም ሁሉ ጀልባው ላይ እንደጫነች ወደ ጭራቁ አፍ ትቀዝፋለች። ከዚያ ባዶ ወንዝ ብቻ ነው የሚታየው።

የሚያነበው ልጅ ስልኩን አስቀመጠ። የሱቁ ባለቤት የሆነው ጎረምሳ ጫማውን አውልቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። አንዱ «ወላሂ አልሞተችም፤ ሬሳዋ የት አለ? ሬሳ ካልታየ ሞት የለም» ብሎ ሙግት ጀመረ። ሌላው ሠዓሊውን ከነዘር ማንዘሩ ረገመው። በስልኩም ላይ እንደዚያው ነበር አሉ፤ ከኦምዱርማን እስከ ማዶ አገር ያለ ዐረብኛ አንባቢ ሁሉ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ በራሱ ፎቶ ፈንታ የእሷን ሥዕል ይለጥፋል። እነዚህ ልጆች ለአንዲት አሮጊት እንዲህ ሆኑ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ስሰማ አልሳቅኩም። ልጄ ብቻ ናት ያላለቀሰችው። ሁሉም ሲንጫጩ የእሷ የመጀመሪያ ቃል «እማዬ እንዳትሰማ» ነበር አሉኝ።

ዓርብ ደረሰ። «የታለ ምዕራፉ?» አልኳት።

«ሠዓሊው አሞታል። ለሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ።» ዓይኗ መሬት መሬት ያያል።

«እግዜር ይማረው» ብዬ ተውኩት።

በማግሥቱ በስልክ መጠገኛው በኩል ሳልፍ፣ ሌላ ጊዜ «ያ ኻልቲ! አክስታችን!» እያሉ የሚያስቁኝ ልጆች ጸጥ አሉ። አንዱ ስልኩን ከኋላው ደበቀ። ሌላው ሮጦ መጥቶ ዘንቢሌን ተቀበለኝ፤ ይሄ ልጅ የገዛ እናቱን ዘንቢል አንሥቶ አያውቅም። ቤት ስገባ ጎረቤቴ፣ ጎጃሜዋ ሴትዮ፣ ትኩስ ሽሮ ይዛ ቆማለች። ለምን እንዳመጣችው ስጠይቃት «እንዲያው ነው፤ ብይ፣ ሰውነትሽ እኮ ጠፍቷል» አለችኝ። እኔ ወፍራም ሴት ነኝ። ሰውነቴ የትም አልጠፋም።

ሞኝ አይደለሁም። ከሰው መርዶ ሲደበቅ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ከስንቱ ደብቄያለሁ። ስትገቢ ወሬ ከተቋረጠ፣ ሰው ሁሉ በድንገት ካዘነልሽ፣ ምግብ ከበዛልሽ፣ የሆነ ቦታ ሰው ሞቷል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በማግሥቱም ዝግ ነው። ባሌን «የምትደብቁኝ ነገር አለ?» ብለው ጢሙን ነካ። ይሄ ሰው ሲዋሽ ጢሙን ይነካል። «ምንም የለም ያ ማራ፣ አንቺ ሴት፣ ምን ይኖራል?» አለና ሪክሻውን አስነሥቶ ወጣ፤ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም።

ወንድሜ ነው ወይ ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ስንት ጊዜ መለስኩት። ካልጠየቅሁ አልሞተም። ያን ሳምንት የተኮስኩትን ሸሚዝ ደግሜ እተኩስ ነበር፤ አሠሪዬ እንኳ ግራ ገብቷት «ደህና ነሽ?» አለችኝ።

የሚቀጥለው ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ልጄ ቀሰቀሰችኝ። ራሷን በነጭ ተሸፋፍናለች። «እማዬ፣ ተነሺ። ነጠላሽን ልበሺና ነይ» አለችኝ። ድምፅዋ የትልቅ ሰው ድምፅ ነው። ወደ ግቢው ወጣሁ። ጎረቤቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ቆማለች። የስልክ መጠገኛው ልጆች ነጭ ጀላቢያ ለብሰው ከግድግዳው ጥግ ተሰልፈዋል። ባሌ አንገቱን ደፍቷል። መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል።

«ወንድሜን! ወንድሜን!» ብዬ ጮኽኩ።

ልጄ ከግራ፣ ጎረቤቴ ከቀኝ ያዙኝና ምንጣፉ ላይ አስቀመጡኝ። ልጄ የተለማመደችውን እንዳይጠፋባት ነው መሰል ጩኸቴን አልሰማችኝም፤ ቃል በቃል አወጣችው፦ «እማዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እትዬ አርፋለች።»

«የቷ እትዬ?»

«የጀልባዋ።»

«ወንድሜስ?» አልኩ።

«አጎቴ? አጎቴ ምን ሆነ? ስልኩ ተሰብሮበት በጓደኛው ስልክ ትናንት ድምፅ ልኮልኛል። ሰላም በያት ብሏል።»

ነጠላዬን ጠቅልዬ መታኋት። ነጠላ ምን ይመታል፤ ቢሆንም መታኋት። ቀጥዬ ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ። «እሷስ ልጅ ናት! አንቺ እንኳ ታላቅ ሴትዮ፣ በዚህ ሰዓት ነጠላ ዘቅዝቆ ሰው ግቢ መቆም ምን እንደሚመስል ጠፍቶሽ ነው?»

«ልጅቷ ወጉን አሳዪኝ አለችኝ፣ አሳየኋት» አለች፤ አፍራለች። «ደግሞ እኔም እወዳት ነበር።» ለካ ዓርብ ዓርብ ልብስ አሰጣለሁ እያለች አጥሩ ጥግ የምትቆመው ለዚህ ነው።

ከልጆቹ አንዱ ለሙታን የሚቀራውን ፋቲሓ ሊቀራ መዳፉን ዘረጋ፤ ጓደኛው እጁን መታ አደረገውና «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ቀለም ናት እኮ!» አለው። መዳፉን የዘረጋው ልጅ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ሱዳኖች ለሐዘንተኛ እንደሚሉት «አልበረካ ፊኪ ያ ኻልቲ» አለኝ። ሳቄ መጣ። ባሌም ጢሙን ለቆ ሳቀ።

ልጄ ድስት ይዛ መጣች። ንፍሮ መሆኑ ነው። ሳየው ሱዳኖች በረመዳን የሚበሉት በሊላ ነው፤ ቅቅል ሽምብራ፣ ላዩ ላይ የሰሊጥ ዘይትና ሽንኩርት ተደርጎበት።

«ንፍሮ ላይ ሽንኩርት ይደረጋል?»

«ያለ እሱ አይጣፍጥም እማዬ።»

«እንዲጣፍጥ መች ተፈለገና!» አልኩ፤ ግን በላሁ፣ ሁላችንም በላን። ከዚያ ልጄ ምዕራፉን ከመጀመሪያው አነበበችልን። ቃል ሲጠፋት ልጆቹ በዐረብኛ ይነግሯታል፣ እኔና ጎረቤቴ ወደ አማርኛ እናቃናለን። ባዶው ወንዝ ላይ ስንደርስ ያ ተሟጋች ልጅ እንኳ ስለ ሬሳው ምንም አላለም።

«አንቺ ልጅ፣ ለሥዕል ይሄን ሁሉ?» አልኳት። ልከፋባት ብዬ ሳይሆን እውነት ስላልገባኝ ነው።

ስልኳን አጠፋችና ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። «የአያቴ ሞት የተነገረሽ ቀን እኔ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ስጫወት ነበር» አለች። «ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፣ ሥራ ይዘሽኝ ሄደሽ። ቆመሽ ስትሰሚው አየሁ። የሚይዝሽ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ትንሽ ነኝ፣ ያዕኒ፣ እግርሽ ጋ ብቻ ነው የምደርሰው። እግርሽን ያዝኩት። በሁለት እጄ።»

አላስታውስም ነበር። ቀሚሱን አስታውሳለሁ፣ የእንፋሎቱን ሽታ አስታውሳለሁ፤ የእሷን እጆች ግን አላስታውስም። ይዞኝ የነበረ ሰው ነበረ ለካ።

ያኔ አለቀስኩ። ደረቴን እየመታሁ፣ እናቴን በስሟ እየጠራሁ፣ ስድቧንና ምርቃቷን እየቆጠርኩ፣ እንደ አገሬ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ተቀበለችኝ። ልጄ ከጎኔ አልተነሣችም፤ አማርኛውን የቻለችውን ያህል እየተከተለች እሷም ለማታውቃት አያቷ አለቀሰች። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ስል ከየጎረቤቱ ወንበር እየተሸከሙ ያመጡ ጀመር።

ድምፃችን መንገዱ ድረስ ተሰማ። የሰፈሩ ሰው፣ ሱዳኑም ሐበሻውም፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል እየያዘ «ማን ሞተ?» እያለ መጣ። ባሌ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን በሁለት እጁ ተቀበለ። «የሚስቴ እናት» ይላቸዋል። መቼ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም፤ ሁሉም ገብቶ ተቀመጠ።