የአባባ ፈንጂ መፈለጊያ

የባንኩ ፈታሽ መፈተሻዋን ወገቤ ላይ ስታሳልፈው ጢጥ ጢጥ አለ፤ እኔም ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

አባባ ወታደር ሳለ ፈንጂ ይፈልግበት የነበረውን መሣሪያ ጦሩ ሲበተን ይዞት ነበር አቃቂ የገባው። የባትሪ ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ እርጥበት እንዳይገባው ሽቦዎቹን በጨርቅ ይወለውላል። ከዚያ ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ወርደን ለቁራሌው የሚሸጥ ብረት እንፈልግበታለን። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ባዶ ማዳበሪያ ይዤ ኮቴውን እየረገጥኩ ነበር የምከተለው።

አንድ ቀን መሣሪያው ጮኸና አባባ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባባ፣ ልቆፍር?»

«እንዳትነቃነቂ! ከኋላዬ ስንት ሰው አለ?»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

«ሌሎቹስ?»

የትኞቹን እንደሚል አልገባኝም። ከብቶች ውሃ ጠጥተው ተመለሱ፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፤ ሽንቴ አመለጠኝ። አባባ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ እየፈራሁ እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ በጣቴ ጫርኩት። የቢራ ቆርኪ ነው። አባባ ቆርኪውን አተኩሮ አየውና፣

«አሁንም እግርሽን እንዳታነሺ» አለኝ።

«ቀበቶሽ ነው፤ እለፊ እንጂ የኔ እህት!» አለችኝ ፈታሿ።

እኔ ግን ዞሬ ከኋላዬ የቆሙትን ሰዎች እቆጥራለሁ።