«ውሃ ይድፉ»

«ልጀ፣ ይሄ ወረቀት ለእኔ ነው የተጻፈው?»

የጠየቁኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው፣ የሽንት ቤታችን በር ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት በአፍንጫቸው ሊነኩት ትንሽ ቀርቷቸው። አባቴ «አያ» ስለሚላቸው እኛም አያ ነው የምንላቸው።

«ኧረ አያ! ለሁሉም ነው» አልኳቸው።

ውሸቴን ነበር።

ከተመረቅኩ ገና ሦስት ወሬ ነው ያኔ። የተመረቅኩት በአካባቢ ጤና ነው፤ ሥራ ግን የለም። ወደ ከተማችን ቆሰበር ተመልሼ እቤት ተቀመጥኩ። ሥራ ያጣ ሰው እቤት ውስጥ ሥራ አያጣም። ቧንቧው በሳምንት አንዴ፣ ሲበዛ ሁለቴ ነው የሚመጣው፤ በርሚሉን መሙላት፣ ከበርሚሉ እየቀዱ ደግሞ የሽንት ቤቱን ባልዲ መሙላት የእኔ ሆነ። ሽንት ቤታችን ጓሮ ነው። ሰው ተጠቅሞ ሲወጣ ከባልዲው በጆግ ቀድቶ ይደፋበታል። በቃ። ይሄ ከባድ ነገር ነው? ለኛ ቤት ሰው ከባድ ነው።

እህቴ ስልኳን ይዛ ትገባና ትቀራለች፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ይመስል። እናቴ ሳሙናውን ውሃ ውስጥ ትታው ትወጣለች፤ እኔ ስደርስ አጥሚት ሆኗል። አባቴ በሩን ከውስጥ አይቆልፍም፤ ሰው ሲመጣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ቁልፉ እሱ ነው። ስናገራቸው ይስቃሉ። እህቴማ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ተዋወቋት፣ በሽንት ቤት የተመረቀችው እህቴ ናት» ትላለች።

ይሄን ሁሉ ችዬ ነበር። አያ ከመጡ በኋላ ግን አዲስ ነገር መጣ፦ አንድ ሰው ውሃ ሳይደፋበት መውጣት ጀመረ።

አያ ከገጠር፣ ከፋግታ የመጡት ለዐይናቸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየቆረጡ ከሰል ሲያከስሉ ኖረዋል። አንዱ ዐይናቸው ጠፍቷል፤ የቀረችውም እየደበዘዘች ነው። እሷን ለማሠራት ቀጠሮ ተይዞላቸዋል፤ ይሄ ካመለጠ ሌላው መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም ተብለናል።

እኔ ደግሞ ወዲያው እሳቸውን ጠረጠርኩ። ማስረጃ የለኝም። ከገጠር መጡ፣ ችግሩም አብሮ መጣ፣ አለቀ። እራት ላይ ከአባቴ ጋር በአገውኛ ሲያወሩ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው፤ ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኛል። ወደ ጓሮ ሲሄዱ የኩሽናው መስኮት ሥር ቆሜ የጆጉን ድምፅ አዳምጣለሁ። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ቆርቆሮ፣ ምን ይሰማል?

ስለዚህ ጻፍኩ። «ከተጠቀሙ በኋላ ውሃ ይድፉ።» በወፍራም ማርከር፣ እያንዳንዱ ፊደል መዳፍ የሚያህል። እህቴ ቆማ አየችው።

«አንች፣ ይሄ ፊደል ምን በልቶ ነው እንዲህ የወፈረው?»

«እንዲታይ ነዋ።»

«ለማን? እኛ እንደሆን እናያለን።»

ማርከሩን ከድኜ ገባሁ።

እሑድ ጠዋት አያ ቅዳሴ ሄዱ። ገና ሳይመለሱ ሽንት ቤት ብገባ ውሃ አልተደፋበትም። ከእኔ በፊት የገባው አባቴ ነበር፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴን ጠየቅኳት።

«ድምፅሽን ቀንሽ» አለችኝ። «ዛሬ የጀመረው መሰለሽ? ስንት ዓመት ሙሉ ተከትየው እየገባሁ ስደፋለት ኖሬያለሁ። አሁን እንግዳ አለብኝ፣ በየት በኩል ልድረስ?»

ያኔ ወረቀቱን ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁትም። ለአባቴ ፊት ለፊት ከመናገር አያን መጠርጠር ይቀለኝ ነበር።

ወረቀቱ ከተለጠፈ ጀምሮ ደግሞ ባልዲው ባዶ መሆን ጀመረ። ጠዋት ጢም አድርጌ የሞላሁት፣ አራት ሰዓት ሳይሆን ጠብታ የለውም። ወለሉ ባሕር ነው። እህቴ ትታጠብበት ይሆናል ብዬ ፀጉሯን አሸተትኩ፤ ራሴን ገፍታ «አበድሽ?» አለችኝ። እናቴን፣ ጌሾዋን ታጠጣበታለች አልኩ። በዚህ ዝናብ ማን ጌሾ ያጠጣል? ባልዲው ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አሰመርኩና ድንች እየላጥኩ መስኮቱ ሥር ጠበቅኩ።

አያ ገቡ። ቆዩ። ከዚያ ሿ! አንድ ጊዜ፣ ረጅም። ሲወጡ ሮጬ ሄድኩ፤ ባልዲው በአፉ ተደፍቶ ተቀምጧል።

«አያ! ውሃውን ምን አደረጉት?»

«ደፋሁት።»

«ሁሉንም?»

«ድፉ ይላላ!» ወደ ወረቀቱ ተጠጉና ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት በለመዱት ንባብ ፊደሉን በጣታቸው አንድ በአንድ ለቀሙት። «ከ-ተ-ጠ-ቀ-ሙ በ-ኋ-ላ ው-ሃ ይ-ድ-ፉ። በጆግ በደንብ አድርጌ ደፍቸበት፣ የተረፈውን ደግሞ እንደ ትእዛዙ እደፋለሁ። የከተማ ሰው፣ ሌላ የነካውን ውሃ ይጸየፋል ብየ።»

እኔ «ይድፉበት» ማለቴ ነበር። ሁለት ፊደል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሳቋን ለቀቀችው፤ «ተመራቂዋ! ‹በት›ን ዩኒቨርሲቲ ረስታው መጣች!»

አያ አልሳቁም።

በማግስቱ ጠዋት ፌስታላቸውን አሥረው፣ ዱላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ባጃጅ ጠርተዋል። ለቀጠሯቸው ሦስት ቀን ነው የቀረው። አባቴ ለመናቸው፣ በአማርኛም በአገውኛም። እናቴ «አያ፣ በሞቴ፣ ለሁላችንም ነው» አለች። አባቴም «ለሁላችንም ነው» አለ። እህቴ እንኳ «ለእኔ ነው አያ፣ ስልክ ይዤ እየገባሁ ነው» አለች።

«ለሁሉም ነው፣ ለሁሉም ነው!» አሉ። «የሁላችሁም ዐይን ደህና ነው። ታዲያ ያ ፊደል ለማን ዐይን ብሎ ነው ጡብ ያከለው? እኔ እንደሆን ቁጣ አልፈራም፤ ሲቆጡኝ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁ። ነገ ዐይኔን አሽገው ሲመልሱኝ ግን እጄን ይዞ ወደዚያ ጓሮ የሚወስደኝ ማነው? እየሳቀ የሚጠረጥረኝ?»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አንችን እንደገና ልጠይቅሽ። ለእኔ ነው?»

እናቴ ከኋላቸው ሆና በዐይኗ «አይደለም በይ» ትለኛለች። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ደጅ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ።

«አዎ አያ» አልኩ። «ለእርስዎ ነው የጻፍኩት፣ እርስዎን ጠርጥሬ። ውሃ የማይደፋበት ግን አባቴ ነው።»

አያ ፌስታላቸውን አቀበሉኝና ባጃጁን በዱላቸው «ሂድ» አሉት።