አሠሪዬ ያወጡት ካኑን

አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር፣ አንድ የምክር ቤት አባል ቤት ስቀጠር ዐረብኛዬ ገና ከኩሽና አልወጣም ነበር። "ካኑን" ሲባል የማውቀው የከሰል ምድጃውን ነው። ሕግንም "ቃኑን" እንደሚሉት ማን ነግሮኝ!

አንድ ብርዳማ ጠዋት አሠሪዬን የመረጧቸው ሰዎች ከገጠር መጥተው ግቢው ውስጥ አፋጠጧቸው።

"እስቲ ምን ሠራህልን?"

አሠሪዬ ደረታቸውን ነፍተው፣ "ስንት ቃኑን አወጣሁላችሁ!" አሉ።

"የታለ? እኛ ጋ አልደረሰም!"

ክው አልኩ። ካኑኑ ለካ እኔው ጋ ኩሽና ተቀምጧል! በእኔ ስንፍና እኒህ ሰውዬ በእንግዳ ፊት ውሸታም ይባሉ? ፍሙን አንተርክኬ፣ እየሮጥኩ አምጥቼ መሀላቸው አስቀመጥኩት።

አሠሪዬ አፈጠጡብኝ። አንድ ሽማግሌ ግን እጃቸውን ፍሙ ላይ ዘርግተው፣ ወደ አሠሪዬ ዞረው፣ "ወላሂ ልጄ፣ ካወጣኸው ሁሉ የሞቀን ይሄ ብቻ ነው" አሉ።