አሁን ትመጣለች

ዛሬ ጎንደር ውስጥ «ናው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳስተምር «አሁን» ብዬ ተረጎምኩትና የ«አሁን»ን ትርጉሞች በተራ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ በዚህች ቅጽበት፣ በዚህ ዘመን፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ። ወዲያው ከውጭ የማኪና ጥሩምባ ጮኸ።

አይከል ከተማ ሳለን ስምንት ዓመቴ ነበር። የታመመች እናቴን በቃሬዛ አውጥተው ማኪና ላይ ሲጭኗት የላስቲክ ጫማዋን ይዤ ሮጥኩ።

«አያ፣ ጫማዋን ረሳችሁ!» አልኩት አጎቴን።

«ተይው፣ አሁን ትመጣለች» አለኝ ፊቱን ሳያዞር።

ጭቃውን አጥቤ ጫማዋን ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩት። ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር እየሮጥኩ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ማኪናው ተመለሰ። ከላዩ የወረዱት ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

«ቲቸር፣ ለሦስተኛው ትርጉም ምሳሌ ስጪን» አለች አንዲት ተማሪ።

ያለኝ ምሳሌ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነበር። ሰሌዳውን አጠፋሁት።