የአባባ አድማሱ ወንፈል

ተረት በእሳት ዳር ይነገራል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ፊት ነው። ማሞቂያው ሁለት የሚቀሉ ዘንጎች ነበሩት፤ አንደኛው ተቃጥሎ ስለማይሠራ አባባ አድማሱ እኔን በሚሠራው በኩል ያስቀምጡኝና እሳቸው በቀዝቃዛው ወገን ይቀመጡ ነበር። መብራት ማብራት አይወዱም። ከመንገዱ ማዶ ካለው የጎማ መሸጫ የሚመጣው ቢጫ ብርሃን በመጋረጃው አልፎ ግድግዳው ላይ ያርፍ ስለነበር፣ ያኔ ለእኔ ጅቡም ጦጣዋም ሚዳቋዋም የሚኖሩት እዚያ ቢጫ ግድግዳ ላይ ነበር። ጭስ አልነበረም። ጭስ የምናየው እዚህ አሜሪካ በጋ በሆነው በሐምሌና በነሐሴ፣ ተራራው ላይ ያለው ጫካ ሲቃጠልና ሰማዩ ሲደፈርስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከቤት አትውጡ ይባላል እንጂ ተረት አይወራም።

እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ገብታ ማታ ትወጣለች። እኛ የምንኖረው ኦሮራ ከተማ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ሲሆን፣ አባባ አድማሱ ከአፓርታማው ጀርባ ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቤቷ የልጃቸው የአልማዝ ናት። አልማዝ ሲያትል የተሻለ የነርስነት ሥራ አግኝታ ስትሄድ አባቷ «የበረዶው ክረምት ይለፍና እከተልሻለሁ» ብለው ቀሩ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ታውቃቸው ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ እሳቸው ዘንድ እንድቆይ ተነጋገሩ። እሳቸው እኔን እንዲጠብቁ ይሁን እኔ እሳቸውን እንድጠብቅ እስከ ዛሬ ግልጽ አልሆነልኝም። ወንድም እህት አልነበረኝም፤ ትምህርት ቤትም በምሳ ሰዓት እኔ የምቀመጥበት ጠረጴዛ ሁልጊዜ ሰፊ ነበር።

አባባ አድማሱ ገበሬ ነበሩ። ወደ አሜሪካ የመጡት ዕድሜያቸውን በሙሉ በበሬ ሲያርሱ ኖረው ነው፤ ስለዚህ በተረታቸው ውስጥ ያለ አውሬ ሁሉ እርሻ ነበረው። ደጋግመው የሚነግሩኝ የጅቡን ነው። አውሬዎቹ ወንፈል ገቡ፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ ሁሉም ተሰብስቦ ያርስለታል፣ ነገ እሱም ከሌሎቹ ጋር ሄዶ የሌላውን ያርሳል፤ የተበደሩት ቀን በቀን ይመለሳል። የመጀመሪያው ተራ ለጅብ ደረሰው፤ ማሳውም በአንድ ቀን ታርሶ አለቀ። በማግስቱ የጦጣ ተራ ሲሆን ጅብ እግሬን አለ። በሦስተኛው ቀን፣ በሚዳቋ ተራ፣ ሆዴን አለ። ወራት አልፈው እህሉ ሲደርስ የሚያጭድለት አጣ፤ በየደጁ እየዞረ ቢጣራም ማንም አልወጣለትም።

«ጅብ ማታ ማታ የሚጮኸው ለዚህ ነው» ይሉኝ ነበር። «ርቦት እንዳይመስልሽ። ስማቸውን እየጠራ ነው።»

እኔ ያኔ ጅብ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። በኮልፋክስ ጎዳና በኩል አምቡላንስ ሲያልፍ ግን እሱም የሰው ስም የሚጠራ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ዓመቴን በያዝኩበት ሚያዝያ፣ እርጥብ በረዶ ወርዶ የአባባ አድማሱን የእንጨት አጥር ጣለው። በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን አንድ ወረቀት አደለችን። ከተማችን በየዓመቱ አንድ ሳምንት ነበራት፤ ሰው አረንጓዴ ካኒቴራ ለብሶ በነፃ የሚሠራበት፣ ፓርክ የሚጸዳበት፣ ግድግዳ የሚቀባበት፣ የአዛውንቶች ግቢ የሚስተካከልበት። በየመብራት ምሰሶው ላይ ኦሮራን እንወዳታለን የሚል ጨርቅ ይሰቀል ነበር። በቀሩት ሃምሳ አንድ ሳምንታት ማን እንደሚወዳት ጨርቁ አይናገርም። ወረቀቱ እርዳታ የሚያስፈልገው አዛውንት ታውቃላችሁ ወይ ይላል። እኔ የማውቀው አዛውንት አንድ ብቻ ስለነበረ ብዙ ሳልቸገር ሞልቼ መለስኩ።

«ማናቸው የሚመጡት?» አሉኝ ስነግራቸው።

«ሰዎች ናቸው። ቮለንቲር።»

«ከተማው ይከፍላቸዋል?»

«ኖ። በነፃ ነው። እርስዎም አይከፍሉም፣ ፍሪ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «ስንት ቀን ይሠራሉ?»

«አንድ ቀን። ቅዳሜ።»

«እንግዲያው ወንፈል ነዋ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «አንቺ፣ ይኼ አገር ወንፈል እንዳለው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ!»

በተረቱ ውስጥ ያለ ነገር ኦሮራ ውስጥ በመገኘቱ እኔም ደስ አለኝና፣ አዎ ወንፈል ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰባት ሰዎች በሁለት መኪና መጡ። አስተባባሪያቸው ሊንዳ የምትባል፣ ሊትልተን ከምትባል ሌላ ከተማ የመጣች፣ ፀጉሯ የነጣ ሴት ነበረች። አባባ አድማሱ ከንጋት ጀምሮ ቦት ጫማቸውን አጥልቀው፣ ዶማቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ በወንፈል ቀን ከሁሉ ቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ባለማሳው ነው። ሊንዳ ዶማውን በፈገግታ ተቀብላ ግድግዳ አስደገፈችውና የሚታጠፍ ወንበር ዘረጋችላቸው።

«ቁጭ ይበሉ እያለች ነው» አልኳቸው።

«ሰው እየሠራ?»

«ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው ትላለች። ሪላክስ ያድርጉ።»

«የእኔ ቀን ከሆነማ እንዴት እቀመጣለሁ!»

ሦስት ጊዜ ተነሡ። በተነሡ ቁጥር አንዱ እየሮጠ የታሸገ ውሃ ያመጣላቸዋል፤ እኩለ ቀን ላይ እግራቸው ሥር አራት ያልተከፈቱ ጠርሙሶች ተደርድረው ነበር። ለሠራተኞቹ ብለው ኮልፋክስ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ አስመጥተዋል፤ ሰዎቹ ግን እያንዳንዳቸው ስማቸው የተጻፈበት ሳንድዊች ይዘው ነው የመጡት። ከዳቦው ለአፋቸው ያህል ቆርሰው በጣም ጣፋጭ ነው አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አጥሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆመ። ፎቶ ተነሣን። ሊሄዱ ሲሉ አባባ አድማሱ የትምህርት ቤት ደብተሬን አስወጡኝና ስማቸውንና ሰፈራቸውን አስጽፊልኝ አሉ። ሰዎቹ የማስታወሻ ደብተር መሰላቸው። አንዷ ልብ ሣለች፤ አንዱ ስለተቀበሉን እናመሰግናለን ብሎ ጻፈ። ፎቶውን ልልክላቸው እችላለሁ ብላ አድራሻዋን የጻፈችው ሊንዳ ብቻ ነበረች።

«ሰባት ቀን አለብኝ» አሉ መኪኖቹ ሲርቁ። ድምፃቸው ሰባት ዘመድ ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እናቴ «ሂጂና አስተርጉሚላቸው» ስላለችኝ፣ አብሬያቸው አሥራ አምስት ቁጥር አውቶብስ ላይ ወጣሁ። ሹፌሩ ዶማውን አይቶ እኔን አየኝ። ለአትክልት ነው አልኩት። መሐል ከተማ ወርደን በባቡር ሊትልተን ስንደርስ ረፋዱ አልፎ ነበር። የሊንዳ ግቢ አንድ ወጥ ሣር ነው፤ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። አባባ አድማሱ አጎንብሰው አንድ አረም ፈለጉ፤ አጡ።

ሊንዳ በሩን ከፍታ መጀመሪያ አላወቀችንም። ዶማውን ስታይ አስታወሰችን። የእርስዎን ቀን ሊመልሱ መጥተዋል ብዬ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው!» አለችኝ በቋንቋዋ። «ግን ንገሪያቸው የኔ ቆንጆ፣ ምንም መመለስ የለባቸውም። ቮለንቲር ማለት ይኼው ነው። ሠርተን እንሄዳለን፣ በዚያው ያበቃል።»

«ምን አለች?» አሉ አባባ አድማሱ።

ያበቃል የሚለውን ቃል በአማርኛ አውቀው ነበር። ከአፌ ግን አልወጣም።

«ዛሬ ሥራ የለም ነው የምትለው። ሲኖር ትጠራዎታለች።»

«ደግ። በማንኛውም ቅዳሜ ብትጠራኝ እመጣለሁ በያት።»

«አመሰግናለሁ ይላሉ» አልኳት ሊንዳን። ለሁለታችንም ሎሚናት ሰጠችን፤ ጠጥተን ተመለስን።

ውሸቱ በዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር። ሰኔ ላይ አልማዝ ደወለች። አባባ አድማሱ ስልኩን ሁልጊዜ በስፒከር ስለሚያናግሩ ሁሉንም ሰማሁ።

«አባዬ፣ ክረምቱም አለፈ። ትኬት ልቁረጥልህ?»

«የሰው ቀን ይዤማ አልሄድም። ልትጠራኝ ነው።»

«ማን?»

«ሊንዳ።»

«ሊንዳ ማናት አባዬ?»

«የሊትልተኗ ናታ!»

አልማዝ በዚያ ሳምንት እናቴ ዘንድ ሁለት ጊዜ ደወለች። እናቴ ሊንዳ የምትባለው ሴት አጥር የሠራች እንደሆነች አስረድታ አረጋጋቻት። እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነገር ነበር። እውነቱን ብናገር አባባ አድማሱ ይሄዳሉ፤ ዝም ካልኩ ይቆያሉ። ለእሳቸው አዝኜ የተናገርኩት ውሸት ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሴ የያዝኩት ሆነ።

ያን በጋና ያን ክረምት ዝም አልኩ። እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ቦት ጫማቸውን አድርገው ስልኩ አጠገብ እስከ እኩለ ቀን ይቀመጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተራራ ሊያሳዩዋቸው ቢጠሯቸው «ቅዳሜ አይመቸኝም» አሉ። ሰዓቱ ሲያልፍ ጫማቸውን ፈትተው «ሥራ አልገጠማትም» ይሉና ወደ ማሞቂያው ይመጣሉ። የጅቡም ተረት ቀስ በቀስ ተለወጠ። በጥቅምት አካባቢ ጅቡ እውነትም እግሩን አሞት ነበር። በታኅሣሥ አመመኝ ማለቱን ተዉት፤ ጅቡ ሞፈርና ቀንበሩን አዘጋጅቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጦጣ ግን ሳትጠራው አለፈች። ተረቱ መለወጡን እያወቅሁ «ከዚያስ?» እያልኩ አዳምጥ ነበር። ያኔ ከእኛ ሁለታችን በላይ ብቸኛ ሰው በከተማው ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ከሁለታችን ደግሞ ለምን ብቸኛ እንደሆንን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በቀጣዩ ሚያዝያ ጨርቁ እንደገና ምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ቅዳሜ ጠዋት ወተት ገዝቼ ስመለስ ከእሳቸው ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት የሜክሲኮ ሴት ግቢ ውስጥ አረንጓዴ ካኒቴራዎች አየሁ። መጋረጃውን መዝጋት እችል ነበር። ስገባ ጫማቸውን አድርገው ስልኩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ መጥተዋል።»

«ሊንዳ?»

«ሊንዳ የለችበትም። ሌሎች ናቸው። ግን ያው ሳምንት ነው።»

ዶማቸውን ይዘው ወጡ። ዝርዝር የያዘ ልጅ እግር ሰው ተመዝግበዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተመዝግበዋል አልኩት፤ ሐሰት አይደለም። እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ካኒቴራ ሰጣቸው። ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሴትዮዋ አጥር ሥር ያለውን ደረቅ መሬት ቆፈሩ፤ ሌሎቹ ሥራ አቁመው ያዩዋቸው ነበር፤ ወንበር ያመጣላቸውም አልነበረም። አንድ ጎረምሳ እኚህ ሰውዬ ማሽን ናቸው አለ።

«ምን አለ?»

«ጎበዝ ነዎት አለ።»

«አካፋውን እንደ ማንኪያ ነው የያዝከው በይው።»

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ልጁ ስቆ አያያዙን እንዲያሳዩት አካፋውን ሰጣቸው።

ሥራው ሲያልቅ መንገዱ ጠርዝ ላይ አብረን ተቀመጥን። ላባቸው በካኒቴራው ጀርባ ላይ ካርታ ሠርቷል።

«ማርታ» አሉኝ፤ በስሜ የሚጠሩኝ ከስንት አንዴ ነው። «ሊንዳ አትጠራኝም አይደል?»

«አትጠራዎትም። ያን ቀን ያበቃል ነበር ያለችው። እኔ ነኝ የቀየርኩት።»

አልተቆጡም። እጃቸው ላይ የተጣበቀውን አፈር አራገፉ።

«ታዲያ የዛሬው ይቆጠራል?» አሉ በመጨረሻ። «ለእነሱ ሳይሆን ለሌላ ሰው የሠራሁት?»

ሒሳብ እችል ነበር። ሰባት ቀን ነው ያለባቸው፤ ዛሬ አንዱ ተመለሰ፤ ሳምንቱ የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ የቀረው ስድስት ዓመት ነው። እንዲህ ብላቸው ያምኑኝ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም።

«ይቆጠራል» አልኩ።

«ሰባቱም?»

«ሰባቱም። ቀኑ የከተማው ነው እንጂ የሊንዳ አይደለም።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ለካ ዓመቱን ሙሉ ይዘውት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አልማዝ መጥታ ወሰደቻቸው።

ዛሬ ሥራዬ ማስተርጎም ነው፤ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት የሰውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አሻግራለሁ። ሰዎች የት ተማርሽው ሲሉኝ የምሥክር ወረቀቱን አሳያለሁ። ያኔ እሳቸው ከሄዱ በኋላ የቤታችን ቁልፍ ተሰጠኝና ከትምህርት ቤት መልስ እናቴ እስክትመጣ ብቻዬን መቆየት ጀመርኩ። አንድ ምሽት የጅቡን ተረት ለራሴ ልንገር ብዬ መብራቱን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ቃሉ አልጠፋኝም፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እሳቸው እንደሚሉት አልኩት። መካከል ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። እሳቸው እዚያ ሲደርሱ ዝም ይሉ ነበርና «ከዚያስ?» የምትል ልጅ ነበረች። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም መሆን አልቻልኩም።