አባቴ ያጸዳው ጭንጫ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን፤ አስቀድሜ ስማችንን ልጥራ። አባቴ ይመር፣ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ጋምቤላ ውስጥ አቦቦ የቀረ፣ ሥራ የማይፈራ ገበሬ። እናቴ ከድጃ፣ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ልቧ ወደ ኋላ የሚያይ። ታናሽ እህቴ ፋጡማ፣ እጇ ጠጠር የማያጣ። ጎረቤታችን ኡጁሉ፣ እዚሁ የተወለደ አኙዋ፣ ፍየል የሚያረባ። ልጁ ኦሞድ፣ እኩያዬና ጓደኛዬ። ስድስተኛው እኔ ሰይድ ነኝ። ከስድስታችን ክፉ ያሰበ አልነበረም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ልጆቼ ጥፋት ሁሉ ከክፉ ሰው ብቻ የሚመጣ ስለሚመስላቸው ነው።

ልጅ እያለሁ መንግሥት ተለወጠና በጋራ ይታረስ የነበረው መሬት ለየቤቱ በዕጣ ተከፋፈለ። ለብዙው ሰው ጥቁር ዋልካ ሲደርሰው ለአባቴ ከመንደሩ ዳር ያለው ጉብታ ወጣለት። ላዩ ጠጠር፣ ውስጡ አሸዋ የሆነ ቀይ ጭንጫ ነው። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠለት። አንድ ቀልደኛ፣ “ይመር፣ ላንተስ ማረሻ አይደለም፣ መዶሻ ነው የሚያስፈልግህ” ሲለው ሁሉም ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ጠጠር ዘገነና በጣቶቹ መካከል ቁልቁል ለቀቀው።

እኛ ልጆች ግን ያንን ጉብታ እንወደው ነበር። ክረምት ሲገባ ዋልካው እግር ይይዛል፣ ጫማ ያስቀራል፤ ጭንጫው ግን ዝናቡን ወዲያው ይጠጣዋል። ስለዚህ ገና ካፊያው ሳያባራ ወደዚያ እንሮጣለን። ከጠጠሩ መሃል የሚበቅለው ሳር ቀጭን ነው፣ ግን ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይወጣል፤ የኡጁሉን ፍየሎች ሽታው ገና ከሩቅ ይጠራቸዋል። እኔና ኦሞድ ፍየሎቹን እንከተላለን፤ ፋጡማ ለቅልሞሽ የሚሆናት ለስላሳ ጠጠር ትመርጣለች።

በበጋ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበረን። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልገን እንገለብጣለን። የድንጋዩ ላይ እጅ ያቃጥላል፣ ሥሩ ግን ይቀዘቅዛል። አሸዋው ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ እንደ ውሃ እንስራ መቀመጫ ይሸታል። ጉንጫችንን እዚያ ላይ እናሳርፍና ዓይናችንን እንጨፍናለን። እርጥቡን ያገኘ አሸነፈ፣ ጊንጥ ያገኘ ተሸነፈ። የዚያን ዕድሜ ደስታ ሳስብ ዛሬም መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ በጉንጬ ላይ የቀረ ቅዝቃዜ ነው።

በዚያ ሰሞን ብዙ ሰፋሪ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ከመንደራችን መኪና በተነሣ ቁጥር እናቴ ደጅ ቆማ አቧራው እስኪጠፋ ታያለች። ልብሳችንን በአንድ ቋጠሮ አስራ ከአልጋው ሥር አኑራዋለች፤ አባቴ ቋጠሮውን እያየ እንዳላየ ያልፋል። አንድ ቀን ግን እፊቱ አውጥታ አስቀመጠችውና ልጆቼን ይዤ መሄዴ ነው አለችው። አባቴም፣ “ሁለት ክረምት ስጪኝ። ይህ ጭንጫ ካላበላን ዕቃሽን የምጭነው እኔ ራሴ ነኝ” አላት። አባቴ የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤታችን መኖርና መፍረስ በዚያ ጉብታ ላይ እንደተንጠለጠለ እኔም ፋጡማም እናውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ድንጋይ ለመልቀም ጊዜ አልሰጠንም። አባቴ በዶማ እየወጋ፣ በጠጠሩ መካከል ማሽላውን ዘራው። ከዚያ ዝናቡ መሃል ላይ ጠፋ። ዋልካው እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጠቀ፣ የሰው ማሽላ ቢጫ ሆነ። የእኛ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ዝናቡ እስኪመለስ ጠበቀ። መዶሻ ያስፈልግሃል ያለው ሰውዬ መጥቶ ዛላውን በእጁ መዝኖ ሄደ። እናቴ ቋጠሮውን ፈታች፤ ልብሱን አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣው አየሁ። አጨዳው ሲያልቅ የኡጁሉ ፍየሎች እንደ ልማዳቸው ገብተው ገለባውን በሉ፣ ፍጋቸውን ጥለው ወጡ።

እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ!

አባቴ ግን፣ ከነቆሻሻው ይህን ያህል ካበላን ቢጸዳ ምን ሊያበላን ነው ማለት ጀመረ። በተወለደበት አገር የገበሬ ክብር የሚለካው በካቡ ነው፤ ድንጋይ ያልተለቀመለት ማሳ ያልታጠበ ፊት ነው። “ድንጋይ የለቀመ እጅ እህል ይለቅማል” ይለን ነበር። በጋውን ሙሉ ለቀምን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ ቅርጫት አነሣለሁ፤ ማታ እናቴ የጣቶቻችንን ጫፍ ቅባት ትቀባለች። ኦሞድም አብሮን ለቀመ፤ ኡጁሉ ራሱ ትልልቆቹን እየተሸከመ ካቡ ላይ አኖረ። በኋላ፣ የአገሩ ሰዎች መጨረሻውን እያወቁ ዝም አሉን ብለው ያወሩ ነበሩ። ውሸት ነው። ማንም አላወቀም፤ ኡጁሉ የጎረቤቱን ሥራ አገዘ እንጂ ሌላ አላደረገም።

አንድ ቀን አንድ ሰፊ ድንጋይ ሳነሣ ያ የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ዝናብ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፣ ሥሩ ግን ርሷል። ነጫጭ የሳር ሥሮች እርጥቡን አቅፈው ተኝተዋል። አባቴን ጠራሁት።

“አባ፣ ሥሩ እርጥብ ነው።”

መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ በጣቱም ነካው። “ይድረቅ” አለ። “እርጥበት ጊንጥ ነው የሚያራባው።”

በቤታችን ለአባት ሁለተኛ ቃል አይመለስም። ድንጋዩን ተሸክሜ ሄድኩ። ስመለስ ጥቁሯ ቦታ ነጥታ ከሌላው አሸዋ ጋር ተመሳስላለች።

ሥራው ሲያልቅ እውነቱን ለመናገር ማሳው ያምር ነበር። የተበጠረ ፀጉር ይመስላል። ዙሪያውን ደረት የሚደርስ ካብ ታጥሮበት፣ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ፍየሎቹም እንደ ልማዳቸው መጥተው ካቡ ሥር ቆሙ። ኡጁሉ እነሱንና ካቡን አፈራርቆ አየና፣ “ይመር፣ አንተ የምትፈራው ፍየል ነው ዝሆን ነው?” አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ኡጁሉ ፍየሎቹን ወደ ወንዙ ዳር ነዳቸው። እዚያ ሳሩ ረጅም ነው፣ መሬቱ ግን ውሃ ያቆራል፤ በክረምቱ ሰኮናቸው እየበሰበሰ አነከሱ፣ እያነከሱም አለቁ። ኡጁሉ አንድም ቀን ለአባቴ አላነሣበትም። እኔና ኦሞድ ግን የምንከተለው መንጋ አጣን፤ መንጋ ስናጣ መገናኛም አጣን።

ሁለተኛው ክረምት መጣ። የጋምቤላን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አይወርድም፣ ይወረወራል። ፊት ጠጠሩ ላይ ይሰበር የነበረው ጠብታ አሁን ራቁቱን የቀረውን አሸዋ ደበደበው። ላዩ ተመርጎ እንደ ሸክላ ደነደነ፤ ውሃው መስረግ ትቶ ቁልቁል ሮጠ፣ ሲሮጥም አፈሩን ይዞ ሄደ። ቡቃያው ቅርፊቱን መብሳት አቅቶት ታጥፎ ቀረ፤ የበሳውንም ቀትር ላይ የጋለው አሸዋ አንገቱን አቃጠለው። አባቴ ቅርፊቱን በዶማ ይሰብራል፣ ቀጣዩ ዝናብ መልሶ ይመርገዋል። ዱዓ አደረገ፣ እንደገና ዘራ፣ እንደገና ኮተኮተ። መከሩ ሲደርስ ለዘር የሚሆን እንኳ አላገኘንም።

ቃሉን ጠበቀ። ቋጠሮውን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነ። ፋጡማ የቅልሞሽ ጠጠሮቿን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር፤ አባቴ ቋጠሮዋን ዳሰሰ፣ ምን እንደሆነም አወቀ። እናቴ መኪናው ላይ ሆና፣ “ይመር፣ አንተስ?” አለችው።

“ካቤን ትቼ የት እሄዳለሁ?” አላት።

አንድ ወንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ይቅር ተባለና እኔ ቀረሁ። እናቴን ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋትም። አባቴም፣ “መሬቱ ሰነፍ ነው” እያለ በዚያው ማሳ ላይ አርጅቶ ሞተ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። የማውቀውን ያወቅሁት ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ በማንበብና በማየት ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ የካቡ አንድ ጎን ተንዶ ድንጋዩ ወደ ማሳው ተበተነ። በበጋው ማሳው ሁሉ ነጥቶ ሳለ በተበተነው ድንጋይ መካከል ቀጭን አረንጓዴ ሳር አየሁ። አንዱን ገለበጥኩት። ርሷል። እዚያው ተቀመጥኩ፤ የልጆች አባት መሆኔን ረስቼ ጉንጬን አሳረፍኩበት። ድንጋዩ ለካ የማሳው ጣሪያ ነበር፤ ጠብታውን ይሰብራል፣ ፀሐዩን ይከልላል፣ አፈሩን ተጭኖ ይይዛል። እኛ ጣሪያ ነቅለን አጥር ሠራንበት። ልጆቼን ሁልጊዜ ሥሩ፣ ትጉ እላቸዋለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን ትጋት ዓይን ከሌለው ከስንፍና ይብሳል፤ ሰነፍ እኮ ማሳውን ባይነካው ያተርፈው ነበር።

አሁን ድንጋዩን እየመለስን ነው። ልጆቼ ያጉረመርማሉ፤ ሴት ልጄ ሳሚራ በጆሮዋ ሙዚቃ ሰክታ ነው የምትሸከመው። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ባደርግ ኖሮ አባቴ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እተዋታለሁ። ኦሞድ ዛሬ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ይጭናል። ባለፈው የዕረፍት ቀኑ መጥቶ ካቡ ላይ ተቀምጦ አየንና፣ “ሰይድ፣ አባትህ አወጣ፣ አንተ ታስገባለህ። ልጅህ ደግሞ ታወጣዋለች?” አለ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ ተሸከመ።

ድንጋይ ይመለሳል። በቁልቁለቱ በኩል ያለውን ካብ ስናፈርስ ግን ሳሚራ መሠረቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። እጇን ከሥሩ አሾልካ በወዲያኛው በኩል አወጣችና፣ ይህ ባዶ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ ካቡን ሲያቆም የማሳው አፈር እስከዚያ መሠረት ድረስ ከፍ ይል ነበር፤ የጎደለውን ጎርፍ ወስዶታል። እጄን ዘርግቼ ለካሁት። የእናቴ ቤት፣ የፋጡማ ወንድም፣ የኡጁሉ ፍየሎች፣ የኦሞድና የእኔ መንገድ፣ የአባቴ ልፋት፣ ሁሉም ተደምሮ አንድ ስንዝር አፈር ነው።